ከኮርኒስ የተረፈ ጀሶ ለሆድ አይሆንም፦ የእርግዝናን ሆድ ቤት ውስጥ ለመቅረጽ ማወቅ ያለባችሁ

ከሳጉሬ አንዲት ቤተሰባችን በውስጥ መስመር እንዲህ ብላ ጻፈችልን።

«የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ቲክቶክ ላይ ሆዳቸውን በጀሶ የሚያስቀርጹ እናቶች አይቼ በጣም ወደድኩት። ለባለቤቴ ስነግረው ‹ኮርኒስ ስናሠራ የተረፈ ግማሽ ከረጢት ጀሶ አለ አይደል፣ በሱ እንሥራዋ› አለኝ። አማቴ ደግሞ ‹ዓይን ይገባሻል፣ ተይው› አሉኝ። የማንን ልስማ?»

መልሱን በአጭሩ እናስቀድም። ሆድን መቅረጽ ይቻላል። እርግዝናው ጤነኛ ከሆነና ሥራው በትክክል ከተሠራ የሚያስፈራ ነገር የለውም። የከረጢቱ ጀሶ ግን በፍጹም አይሆንም። ለምን እንደማይሆን፣ በምን እንደሚሠራና መቼ መተው እንዳለበት ከታች በዝርዝር አስቀምጠናል። የአማትሽንም ነገር እንመለስበታለን።

*ነገሩ ምንድን ነው?*

የመጨረሻዎቹ ወራት ላይ የደረሰች እናት ሆዷን ቫዝሊን ትቀባለች። ከዚያ የጀሶ ዱቄት የተጋገረበት ፋሻ ውኃ እያስነኩ ሆዷ ላይ በስሱ ይደርቡታል። በሃያ፣ በሠላሳ ደቂቃ ውስጥ ይጠነክርና እንደ ተሰነጠቀ ቅል ከገላዋ ተላቆ ይወጣል። ሲደርቅ ቀለም ይቀባል፣ ስም ይጻፍበታል፣ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ልጁ ካደገ በኋላ «አየህ፣ እዚህ ውስጥ ነበርክ» ለማለት ነው።

*ያው ጀሶ፣ ሌላ ጀሶ*

ጀሶ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ኮርኒስና ግድግዳ ነው። እንጀራ ውስጥ ተቀላቀለ ተብሎ ስሙ የጠፋበትም ጊዜ ነበር። እግር ሲሰበር ሐኪም ቤት የሚታሰረውም ጀሶ ነው። መነሻቸው አንድ ዓይነት ድንጋይ ነው። ድንጋዩ እኛም አገር አለ፣ ለምሳሌ በጎሃ ጽዮን በኩል በአባይ ሸለቆ ውስጥ።

ድንጋዩ በተፈጥሮው ውስጡ ውኃ ይዟል። 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲጋገር አብዛኛው ውኃ ይወጣና ዱቄት ይሆናል። ዱቄቱ እንደገና ውኃ ሲያገኝ የተወሰደበትን መልሶ ይጠጣል፣ ተመልሶም ድንጋይ ይሆናል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ሲጠነክር ሙቀት ይለቃል። ጀሶ ሲቦካ የነካ ሰው ይሄን ያውቀዋል፤ መጀመሪያ ይቀዘቅዛል፣ ቆይቶ መሞቅ ይጀምራል።

ፈረንጆቹ «የፓሪስ ጀሶ» የሚሉት ሞንማርትር ከተባለው የፓሪስ ኮረብታ በብዛት ይወጣ ስለነበር ነው። በ1851 (እ.ኤ.አ.) አንቶኒዩስ ማታይሰን የተባለ የኔዘርላንድስ ወታደራዊ ሐኪም ዱቄቱን ፋሻ ላይ ነስንሶ፣ በውኃ አርጥቦ፣ የተሰበረ አጥንት ለማሰር ተጠቀመበት። ብዙም ሳይቆይ ሩሲያዊው ቀዶ ሐኪም ኒኮላይ ፒሮጎቭ በክሪሚያ ጦርነት የቆሰሉ ወታደሮችን በጀሶ ያስር ነበር። ዛሬ የእናቶች ሆድ የሚቀረጽበት ፋሻ የዚያው የማታይሰን ፋሻ ልጅ ነው።

ታዲያ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? ውፍረቱ ላይ።

ፋሻው ላይ ያለው ጀሶ ስስ ነው። ሙቀቱ ወዲያው ወደ አየር ስለሚወጣ ገላ ላይ ለብ ይላል እንጂ አያቃጥልም። ከከረጢት ተበጥብጦ በወፍራሙ ሲለሰን ግን ሙቀቱ መውጫ ያጣል። 60 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። በዚህ ሙቀት ቆዳ ለመቃጠል ሰኮንዶች ይበቁታል። የከፋው ደግሞ፣ ሲያቃጥል ጀሶው ደርቆ ስለሚይዝ ቶሎ ማላቀቅ አይቻልም።

ይሄ የፈጠራ ወሬ አይደለም። በ2007 (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝ አገር፣ ሊንከንሻየር ውስጥ አንዲት የ16 ዓመት ተማሪ በሥነ ጥበብ ክፍለ ጊዜ የእጇን ቅርጽ ለማውጣት እጆቿን የተበጠበጠ ጀሶ ባለበት ባልዲ ውስጥ ከተተች። ጀሶው ያዛት። በቃጠሎው ምክንያት አብዛኞቹን ጣቶቿን አጥታለች። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ትምህርት ቤቱ ተቀጥቷል። እጅ ላይ ይሄን ያደረገ ነገር ድርስ እርጉዝ ሆድ ላይ ምን ሊያደርግ እንደሚችል አስቡት።

በዚያ ላይ የግንባታ ጀሶ ኖራና ሌሎች ማጠንከሪያዎች ሊኖሩበት ይችላል። ኖራ ቆዳ ይበላል። ስሚንቶም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ለሳጉሬው አባወራ መልሳችን ይሄ ነው፦ ከረጢቱ ለቀጣዩ ኮርኒስ ይቀመጥ።

*ምን ያስፈልጋል?*

▪️ የጀሶ ፋሻ። ፋርማሲ ወይም የሕክምና ዕቃ መሸጫ ስትሄዱ «ፒ.ኦ.ፒ ባንዴጅ» ካላችሁ ይገባቸዋል። ባለ 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ጥሩ ነው። ለሆድ ብቻ ሦስት ጥቅል ገደማ፣ ጡት ከተጨመረ አራት ወይም አምስት ያስፈልጋል። ሳጉሬ ላይ ካጣችሁ አሰላ ጠይቁ።

▪️ «ፋይበርግላስ» የሚባለውን እንዳትገዙ። እሱም ለስብራት ይታሰራል፣ ግን ሙጫ ነው። ቆዳ ላይ ይጣበቃል፣ ያለ መቁረጫ ማሽንም አይወጣም።

▪️ ቫዝሊን በደንብ፣ መቀስ፣ ለብ ያለ ውኃ በሳፋ፣ አሮጌ አንሶላ ወይም ላስቲክ ለወለሉ፣ የማይፈለግ አሮጌ የውስጥ ልብስ።

▪️ አንድ ረዳት። እናቲቱ ብቻዋን አትሥራው።

አንድ አደራ አለን። ፋሻውን ከጤና ጣቢያ «አንድ ሁለት ስጡን» ብላችሁ አትለምኑ። እዚያ ያለው እግሩ ተሰብሮ ለሚመጣ ሰው የተቀመጠ ነው። ግዙት።

*መቼ ይሠራ?*

ሆዱ በደንብ ሲወጣ፣ ግን እናቲቱ ገና መቀመጥና መነሳት ሳይከብዳት። ብዙዎች ከስምንተኛው ወር አጋማሽ እስከ ዘጠነኛው ወር መግቢያ ያለውን ጊዜ ይመርጣሉ። መንታ ከሆነ ቀደም ማለት ያስፈልጋል፤ መንታ ቀኑን ሳይጠብቅ ሊመጣ ይችላልና።

*አሠራሩ ደረጃ በደረጃ*

1. እናቲቱ ቀድማ ትብላ፣ ውኃ ትጠጣ፣ ሽንት ቤት ትግባ። ከተጀመረ በኋላ መነሳት ያስቸግራል።

2. ፋሻውን በደረቁ ቆራርጡ፤ አንዳንዱን የስንዝር፣ አንዳንዱን የክንድ ያህል። እጃችሁ ከረጠበ በኋላ ጥቅሉን መንካት ሙሉውን ያበላሸዋል። ስትቆርጡ ዱቄቱ ስለሚቦን መስኮት ክፈቱ። አስም ያለባት እናት እስክትጨርሱ ሌላ ክፍል ትሁን።

3. እናቲቱ ወንበር ላይ ትራስ ተደግፋ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ዘንበል ብላ ትቀመጥ። በጀርባዋ ቀጥ ብላ አትተኛ። በመጨረሻዎቹ ወራት በጀርባ ሲተኛ ማህፀኑ ደም ወደ ልብ የሚመልሰውን ትልቁን የደም ሥር ይጫነዋል፣ እናቲቱን ያዞራታል፣ ወደ ልጁ የሚሄደውም ደም ይቀንሳል። ቆሞ መሥራትም አይመከርም፤ ሊያደክማት ወይም ራሷን ልትስት ትችላለች።

4. ቫዝሊኑን አትሰስቱ። ሆድ፣ ጎን፣ ጡት፣ እምብርት ውስጥ ሳይቀር። ፀጉር ያለበት ቦታ ሁሉ በድርብ ይቀባ። ጀሶ ፀጉር ከያዘ ሲላቀቅ እንባ ነው።

5. ውኃው ለብ ያለ ይሁን፤ ሕፃን የሚታጠብበት ዓይነት። «ቶሎ እንዲደርቅ» ብላችሁ ሙቅ ውኃ አትጠቀሙ። ሙቅ ውኃ ጀሶውን ያፈጥነዋል፣ ሙቀቱንም ይጨምረዋል።

6. አንድ ቁራጭ ነክራችሁ፣ በሁለት ጣት ጨመቅ አድርጋችሁ፣ ከዳር ጀምራችሁ ወደ መሃል አስቀምጡ። እያንዳንዱ ቁራጭ ያለፈውን በከፊል ይደርብ። በእጃችሁ እያሻሻችሁ የፋሻውን ቀዳዳ ድፈኑ።

7. ሦስት፣ ቢበዛ አራት ድርብ ይበቃል። ከዳር ዳር ጠርዙን በአንድ ድርብ አጠንክሩት። «ይጠንክር» እያሉ ስድስትና ሰባት መደረብ ወደዚያው ወደ ወፍራሙ ጀሶ መመለስ ነው።

8. ከጨረሳችሁ በኋላ አምስት፣ አሥር ደቂቃ ጠብቁ። በጣት ስትመቱት ኳ ኳ ካለ ደርሷል። እናቲቱ ሆዷን በትንሹ ታነቃንቅ፣ ትንፋሿን ትሳብ ትልቀቅ። ጠርዙ ራሱ መላቀቅ ይጀምራል። ሁለታችሁም በቀስታ ይዛችሁ ወደ ፊት አውጡት። እንዳትጎትቱ። የያዘ ቦታ ካለ በለብታ ውኃ አርሱት።

በዚህ መሃል ልጁ ሊራገጥ ይችላል። አትደንግጡ፣ የሚንቀሳቀስ ልጅ ጥሩ ምልክት ነው።

*አንድ ሕግ፦ «በቃኝ» ካለች በቃ*

ሙቀቱ ከለብታ አልፎ ማቃጠል ከጀመረ፣ ካዞራት፣ ካቅለሸለሻት፣ ትንፋሽ ካጠራት፣ ሆዷ እየጠነከረ ቁርጠት ከመጣባት ወዲያው ይነሳ። «ትንሽ ታገሺ፣ ሊደርቅ ነው» የሚባል ነገር የለም። ቅርጹ ይበላሽ። ፋሻ እንደገና ይገዛል።

ቆዳ ከተቃጠለ ቦታውን ለ20 ደቂቃ ያህል በንጹህ ቀዝቃዛ ውኃ አፍስሱበት። በረዶ አይደለም፣ ውኃ። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል አትቀቡ። ከዚያ ቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ።

*ለደጋ ሰው የተለየ ማስጠንቀቂያ፦ ከሰል*

ይሄን ክፍል እንዳትዘሉት። ሳጉሬ ደጋ ናት። በበቆጂ መንገድ የተጓዘ ሁሉ ብርዱን ያውቀዋል። እርጥብ ፋሻ ሆዷ ላይ የተደረበባት እናት ደግሞ ግማሽ ገላዋ ራቁት ሆኖ ግማሽ ሰዓት ትቀመጣለች። ያኔ ማንም ሰው መጀመሪያ የሚያስበው «ከሰል እናያይዝ፣ በሩን እንዝጋ» ብሎ ነው።

ጀሶው ካላቃጠለ ይሄ ሊገድል ይችላል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ አይታይም። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። የፅንስ ደም ደግሞ ከእናቱ ደም የበለጠ አጥብቆ ይይዘዋል። ስለዚህ እናቲቱ ገና ራስ ምታት ብቻ ሲሰማት ልጁ ሊጎዳ ይችላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ፀሐይ ያለበት ቀን ምረጡ። ከቀኑ 5 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ፀሐይ የሚገባበት ክፍል ውስጥ ሥሩ። እግሯ ላይ ካልሲ፣ ትከሻዋ ላይ ጋቢ፣ እጇ ላይ ትኩስ አጥሚት ይኑር። ቡና የሚፈላ ከሆነም ምድጃው ውጭ ይሁን።

*ማን ባይሞክረው ይሻላል?*

ደም ግፊት ያለባት፣ በእርግዝናው ደም የታያት፣ ያለጊዜው ምጥ ያስፈራት፣ የእንግዴ ልጁ ወደ ታች ወርዷል የተባለች፣ ወይም ሐኪም «እረፊ» ያላት እናት ትተወው። ሆዷ ላይ ቁስል፣ ሽፍታ ወይም የቆዳ አለርጂ ያለባትም እንደዚሁ። በተለይ ማታ ማታ መዳፍና ውስጥ እግርን አጥብቆ የሚያሳክክ ከሆነ የጉበት ችግር ምልክት ሊሆን ስለሚችል ቫዝሊን ቀብቶ ማለፍ ሳይሆን መመርመር ያስፈልጋል።

እግረ መንገዳችንን፦ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ ደም፣ የሽርት ውኃ መፍሰስ፣ ትኩሳት፣ ወይም የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ ካለ ነገ አይባልም። የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያና የወረዳችሁን አምቡላንስ ስልክ ዛሬውኑ መዝግቡ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ2016 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አንዲት ነፍሰ ጡር ቢያንስ 8 ጊዜ ክትትል እንድታደርግ ይመክራል። ለመቅረጽ ግማሽ ቀን ካገኛችሁ ለክትትሉም አታጡም። እንዲያውም ቀጣዩ ቀጠሮ ላይ አዋላጇን «ሆዴን በጀሶ ፋሻ ላስቀርጽ ነበር፣ በኔ ሁኔታ ችግር አለው?» ብላችሁ ጠይቋት። መልሷ ከማንኛውም ቪዲዮ ይበልጣል።

*ከወጣ በኋላስ?*

ገና የወጣ ቅርጽ እርጥብ ስለሆነ ይጣመማል። በሆዱ በኩል ጨርቅ ወይም የተጨማደደ ጋዜጣ ጠቅጥቃችሁ፣ ጀርባውን ወደ ላይ አድርጋችሁ አስቀምጡት። በበጋ ሁለት ሦስት ቀን ይበቃዋል፣ ክረምት ላይ ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ምድጃ ዳር አታስጠጉት፣ ይሰነጠቃል። በደንብ ሳይደርቅ ቀለም ከተቀባም ውስጥ ውስጡን ይሻግታል።

ሲደርቅ ሸካራውን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ፣ በውኃ የቀጠነ ነጭ ኮላ ቀቡት፣ ከዚያ የፈለጋችሁትን ቀለም። በሳፋው የቀረውን ውኃ ግን ወደ ቧንቧ ወይም ሽንት ቤት እንዳትደፉት። ጀሶ ውኃ ውስጥም ይደርቃል፣ መስመሩን ይዘጋል። አሳድራችሁ ላዩን ውኃ አፍስሱ፣ የረጋውን ከቆሻሻ ጋር ጣሉ።

*ስልኩ*

ጀሶው ላይ የተጠነቀቀ ሰው ስልኩን ይረሳል። እናቲቱ ግማሽ ራቁቷን ናት። ማን እንደሚገባ፣ ማን እንደሚቀርጽ፣ ምን እንደሚለጠፍ የምትወስነው እሷ ብቻ ናት። አንድ ጊዜ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ የገባ ፎቶ አይመለስም። በእንግዳ ስልክ አታንሱ፤ ላይቭ አትግቡ። የደረቀውና ቀለም የተቀባው ቅርጽ ለመለጠፍ ይበቃል።

*የአማትሽ ነገር*

እህታችን፣ አማትሽ ክፉ አላሰቡም። እርግዝናን ከዓይን መሸፈን ብዙ ቤት ያለ ልማድ ነው። ልጁ ሳይወለድ ልብስ እንኳ የማይገዛባቸው ቤቶች አሉ። ከልማዱ ጀርባ የቆየ ሐዘን አለ፤ ጤና ተቋም ሩቅ በነበረበት ዘመን ስንት ቤት ተዘጋጅቶ ባዶ ቀርቷል። ስለዚህ እሳቸው «ዓይን» ሲሉ «ፈርቼልሻለሁ» ማለታቸው ነው።

ደግሞም የእናትን ክብር በሚታይ ነገር ማሳየት ለአርሲ አዲስ አይደለም። በአርሲ ኦሮሞ ባህል ሴት ልጅ ስትዳር ከእናቷ ሲንቄ ትቀበላለች። ቀጭን በትር ናት፣ ግን የክብሯና የመብቷ ምልክት ናት። የወለደች እናት ደግሞ ቀነፋ የተባለ ትንሽ እንጨት ግንባሯ ላይ ታስራለች። ቀነፋ ያሰረችን እናት ማስከፋት ትልቅ ነውር ነው። ጀሶው ሲንቄንም ቀነፋንም አይተካም። ግን «ይህች ሴት ነፍስ ተሸክማለች፣ እወቁላት» የሚለው ሐሳብ አያቶቻችንም ጋ ነበረ።

ምናልባት አማትሽን ከመከራከር ይልቅ ፋሻውን እንዲያስነኩ ብትጠሪያቸውስ? የመጀመሪያውን ቁራጭ እሳቸው መርቀው ያስቀምጡ። ካልፈለጉም ግድ የለም፣ ቅርጹ ከወሊድ በኋላ እስኪታይ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆይ። ሆዱ የአንቺ ነው፣ ውሳኔውም ያንቺ።

እና «የማንን ልስማ?» ላልሽው፦ ከባለቤትሽ ጉጉቱን ውሰጂ፣ ከረጢቱን ተይለት። ከአማትሽ ጥንቃቄውን ውሰጂ፣ ፍርሃቱን ተይላቸው። የመጨረሻውን ቃል ለአዋላጇ ስጪ።

ማርያም በሽልም ታውጣሽ፤ አላህ በሰላም ይገላግልሽ። ገንፎው ሲገነፋ ንገሪን።

ቤተሰቦቻችን፣ እናንተስ ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? ቤታችሁ ውስጥ ምን ተባለ? ድርስ የሆነች እህት፣ ጓደኛ ወይም ሚስት ያላችሁ አጋሯት። በተለይ ግቢው ውስጥ ከኮርኒስ የተረፈ ጀሶ ላለው ባል።